የደም ግፊት ሕሙማን ራስን የመንከባከብ ልማድ

የደም ግፊት ሕሙማን ራስን መንከባከብ የሚባለው ታማሚው ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ ግፊቱን ለመቆጣጠር በየዕለቱ የሚያደርገው ሁሉ ነው፦ መድኃኒትን በሰዓቱ መዋጥ፣ ጨው መቀነስ፣ መንቀሳቀስ፣ ክብደትን መጠበቅ፣ ከሲጋራና ከመጠጥ መራቅ፣ ግፊትን እየለኩ መከታተል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ የደም ግፊት በሽታ አለ ይባላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 የሆኑ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በሽታው አለባቸው፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ግን ከአምስቱ የአንዱ ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 16 በመቶ በሚጠጉ ጎልማሶች ላይ ከፍተኛ ግፊት አግኝቷል።

ከልማዶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ ቤት አስቸጋሪው ጨው ነው። የሚመከረው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው ጥናት አማካዩን ከ8 ግራም በላይ አድርጎታል። በበለጸጉት አገሮች ጨው በብዛት የሚመጣው በፋብሪካ ከተዘጋጀ ምግብ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙው ከጓዳ ይወጣል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይደገማል። ቤተሰቡ ከአንድ ድስት፣ በአንድ ትሪ ስለሚበላ ታማሚው ለብቻው ጨው ሊቀንስ አይችልም። ስለዚህ ምክሩ መድረስ ያለበት ድስቱን ለሚጥደው ሰው ጭምር ነው፤ ያ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊት አይገኝም። በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ወጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ማጣፈጥ ይቻላል። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ የሚጠቀመውም መላው ቤተሰብ ነው።

መድኃኒትን ማቋረጥ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የለውም፤ ራስ ምታት ስለሌለ ግፊቱ ወርዷል ማለት አይቻልም። ብዙዎች «ደህና ነኝ» ብለው ወይም «ሰውነቴ ይለምደዋል» ብለው ፈርተው ክኒኑን ይተዋሉ። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግፊቱን ይዘው ያቆያሉ እንጂ ከሥሩ አይነቅሉትም፤ ሲቋረጡ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። በጾም ወራት የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ወደ ማታ ወይም ከአፍጥር በኋላ ማዛወር ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን የሚያቆምበት ምክንያት የለም። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው በምግብነታቸው ጥሩ ናቸው፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተኩም። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም በየፋርማሲው የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ስለሚያደርጉ ሳይጠይቁ መውሰድ አደጋ አለው።

ልኬትም ሥርዓት አለው። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም፤ ሽንት ይሸናል። ከዚያ ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፎ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ መጠቅለያው በእጅጌ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። ሲለኩ ማውራት ወይም ክንድን ማንጠልጠል ቁጥሩን ያለ ምክንያት ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ለክቶ ከነቀኑ በደብተር መጻፍና በቀጠሮ ቀን ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ከአንድ ቀን ልኬት የበለጠ ይነግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ዳሽ የተባለው የአሜሪካ ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የተቀነሰ ወተት የበዛበት አመጋገብ የታማሚዎችን የላይኛውን ቁጥር በ11 ገደማ እንዳወረደ አሳይቷል። ጎመንና ምስር ለዚህ ይቀርባሉ፣ ዘይቱና ጨው ካልበዛባቸው። ለእንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። አረቄና ጠጅ ማብዛት፣ ጫትም ጭምር፣ ግፊትን ይጨምራሉ።

ቁጥሩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የዓይን ብዥታ ከታየ ቤት ውስጥ ማስታመም አይገባም፤ ታማሚውን ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት።