የተቆጠሩ ግቦችና የተከላካዮች ፍርድ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ እህል በረንዳ፣ ጤፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጤፉ ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ? ከየት አገር የመጣ ነው? ተበጥሯል ወይስ ገለባ አለበት? ሲመዘን የጆንያው ክብደት ተቀንሷል? እነዚህን ሁሉ ጠይቆ፣ በእፍኙ ዘግኖ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋው የሚከራከረው። የእግር ኳስ ጨዋታ በተደረገ ማግስት ግን ይኸው ጠንቃቃ ገበያተኛ ሚዛኑን ወደ ጎን ይተውና ስለ ተከላካዮች በአንድ ጥያቄ ብቻ ይፈርዳል፤ «ስንት ገባብን?»

የገበያውና የእግር ኳሱ ታሪክ የተራራቀ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች አገሪቱን በወረሩባቸው ዓመታት ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወሩት። ስለዚህ ገበያውም ክለቡም ከአራዳ የወጡ ናቸው። ሆኖም በገበያው የዳበረው የመመዘን ልማድ ወደ ስታዲዮሙ አልተሻገረም። ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባልተጣራ ቁጥር ምክንያት ስሙ የሚጎድፍ በረኛና ከቡድን የሚወጣ ተከላካይ አለና።

የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ያስመዘገበው ውጤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜውም የተባበረውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብጽን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የገቡበት ግቦች አራት ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1974 ዓ.ም.፣ በሊቢያ የተጫወተው ቡድን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ ከምድቡ ተሰናበተ። በእርሱም ላይ የገቡት ግቦች አራት ናቸው። «ስንት ገባብን?» በሚለው ሚዛን ብቻ ከተመዘኑ ባለ ዋንጫው ቡድንና አንድም ግብ ሳያገባ የተመለሰው ቡድን እኩል ይሆናሉ።

የመጀመሪያው እርማት በጊዜ ማካፈል ነው። የ1954ቱ ቡድን የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ከነተጨማሪ ሰዓቱ 210 ደቂቃ ሲሆን፣ የ1974ቱ ግን 270 ደቂቃ ተጫውቷል። በ90 ደቂቃ ሲሰላ የመጀመሪያው 1.71፣ የሁለተኛው 1.33 ግብ ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. በአገሩ አራተኛ የወጣው ቡድን በአምስት ጨዋታ ስድስት ግብ ገብቶበታል። በተጨማሪ ሰዓት የተጠናቀቀው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ሲታከል ጊዜው 480 ደቂቃ ስለሚሆን ስሌቱ 1.13 ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከምድቡ ሳያልፍ የቀረው ቡድን ደግሞ በ270 ደቂቃ ሦስት ግብ፣ ማለትም በትክክል 1.00 አስመዝግቧል። እንግዲህ በዚህ ስሌት ከአራቱ ሁሉ የመጨረሻ የሚሆነው ዋንጫ የወሰደው ቡድን ነው።

ይህ ማለት ግን ሻምፒዮኖቹ በመከላከል ደካሞች ነበሩ ማለት አይደለም። ግብ በጨዋታ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርስ ክስተት እንደ መሆኑ መጠን፣ በፖይሰን ሕግ መሠረት አራት የሚጠበቅበት ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ሁለት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊወዛወዝ ይችላል። በሁለትና በሦስት ጨዋታ የተገኘ ልዩነት ለፍርድ አይበቃም። ከዚህም በቀር ተጋጣሚ ከተጋጣሚ ይለያል። በ1960 ዓ.ም. ከገቡት ስድስት ግቦች ሦስቱን ያስቆጠረው በኋላ ዋንጫውን የወሰደው የኮንጎ ኪንሻሳ ቡድን ነው። በ1974 ዓ.ም. ያለ ግብ የተለያየችው አልጄሪያም ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ናት። ይሁን እንጂ አልጄሪያ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘችው ሁለቱን የቀደሙ ጨዋታዎቿን አሸንፋ ስለ ነበር ይህም አብሮ ሊመዘን ይገባል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የጥር 2005 ዓ.ም. ውጤት ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ የተመለሰው የሰውነት ቢሻው ቡድን በደቡብ አፍሪካ በሦስት ጨዋታ ሰባት ግብ ገባበት፤ በ90 ደቂቃ 2.33 መሆኑ ነው። ተጋጣሚዎቹ ያለፈው ውድድር ባለ ዋንጫ ዛምቢያ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያና ለፍጻሜ የደረሰችው ቡርኪና ፋሶ ነበሩ። ከዛምቢያ ጋር አቻ በተለያየበት ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ስለ ወጣ፣ አንዱ ግብ የገባው ቡድኑ በአሥር ሰው ሲጫወት ነው። የናይጄሪያ ሁለት ግቦች ሁለቱም ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። በሁለተኛው ላይ በረኛው ሲሳይ ባንጫ ከሜዳ ሲወጣ ቅያሪ ስላለቀ በግቡ የቆመው የሜዳ ተጫዋች ነበር። ይህን ሁሉ ከቁጥሩ ሳይለዩ በተከላካዮች ላይ መፍረድ የጆንያውን ክብደት ከእህሉ ጋር መመዘን ነው።

ይሁን እንጂ ትክክለኛ ሚዛን የሚደግፈውን ብቻ አይመርጥም። ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገው ጨዋታ በቀይ ካርድ የወጣው የተጋጣሚው በረኛ ነበር። ከገቡት አራት ግቦች ሦስቱ የተቆጠሩት ተጋጣሚው ወደ አሥር ሰው ከወረደ በኋላ ነው። ፍጹም ቅጣት ምትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከተከላካይ ወይም ከበረኛ ጥፋት የሚመጣ ስለሆነ ለብቻው ይቆጠር እንጂ አይሰረዝም።

በዓለምም ቢሆን ከስሕተቱ ያመለጠ የለም። የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ መኮንን የነበረው ቻርልስ ሪፕ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ጨዋታዎችን በእርሳስና በወረቀት ሲመዘግብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከበርናርድ ቤንጃሚን ጋር ጥናቱን በንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። አብዛኞቹ ግቦች ከሦስት ወይም ከዚያ ባነሱ ቅብብሎች የሚገኙ መሆናቸው ታየ፤ ከዚህም ተነሥቶ ኳስን በረጅሙ መምታት ይሻላል የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ነገር ግን በጨዋታ ከሚደረጉት የኳስ ቅብብሎች ውስጥ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ራሳቸው አጫጭር ነበሩ። ግቦቹን ቆጥሮ ሙከራዎቹን አለማካፈል ያሳሳተው ይህን ትምህርት ነው። ስሕተቱም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የሂዩዝና የፍራንክስ ጥናት በግልጽ ተተነተነ።

ስለሆነም መከላከልን በሚገባ ለመመዘን የሚፈልግ ባለሙያ ከግቡ ቁጥር አስቀድሞ ወደ ግቡ የተመቱትን ኳሶች ይመዘግባል፤ ከየት ርቀት፣ ከምን ማዕዘን፣ በስንት ሰው መካከል እንደ ተመቱ ይጽፋል። ከዚህ የሚገኘው «የሚጠበቅ ግብ» የተባለው ስሌት የተከላካዮቹን ሥራ ከበረኛው ሥራና ከአጋጣሚ ለይቶ ያሳያል። ደቂቃው፣ በሜዳ የነበረው የሰው ቁጥርና የተጋጣሚው ብርታትም አብረው ይጻፋሉ።

በዚህ መዝገብ የ2005ቱ ቡድን ነፃ አይወጣም፤ በቡርኪና ፋሶ ጨዋታ ይጠየቃል። የሚጠየቀው ግን በሰባቱ ግቦች ሁሉ ሳይሆን በየድርሻው ነው። የ1954ቱ ቡድንም ክብሩ ሳይነካ፣ ዋንጫውን ያስገኙለት የገቡበት አራት ግቦች ማነስ ሳይሆን ያስቆጠራቸው ስምንት ግቦች መሆናቸው ይታወቃል። እህል በረንዳ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው ለአንድ ጆንያ የሚያደርገውን ጥንቃቄ፣ ቁጥር ሙያው የሆነ ሰው ለአንድ ተጫዋች ስም ሊነፍገው አይገባም።