ዲስፔስ

ዲስፔስ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችንና ሌሎች የምርምር ሥራዎችን በዲጂታል መልክ የሚያከማቹበትና ለአንባቢ የሚያቀርቡበት ሶፍትዌር ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከሂውሌት ፓካርድ ጋር በመሆን ሠርቶት በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም።

አሠራር፦ አንድ የማስተርስ ጥናት ሲገባ ከፋይሉ ጋር ርእሱ፣ የአጥኚውና የአማካሪው ስም፣ ዓመቱ፣ አኅጽሮተ ጥናቱና ቁልፍ ቃላቱ ይመዘገባሉ። አመዘጋገቡ 15 መሠረታዊ መስኮች ባሉት የደብሊን ኮር መስፈርት ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ቋሚ መለያ ስለሚሰጠው፣ ማከማቻው ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዛወርም መለያው ወደ አዲሱ አድራሻ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል። ጥናቱ ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት እንዳይሆን መገደብም ይቻላል።

በኢትዮጵያ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችን በዲስፔስ ያቀርባል። በጥራዝ ብቻ የተቀመጠን ጥናት ለማንበብ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መሄድ ግድ ሲሆን፣ በማከማቻው የተለቀቀውን ግን ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ተማሪ በስልኩ ያወርደዋል።

ውስንነት፦ በስካነር ተነሥቶ በምስልነት ብቻ የተቀመጠ ጥናት ይዘቱ በቃል አይፈለግም። በአማርኛ ሲፈለግም የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ፤ ሥርዓቱ ፊደላቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተስተካከለ፣ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የፈለገ ተማሪ «ስነ ጽሁፍ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም።