የጨርቅ ማቅለሚያ ሠራተኞች የቆዳ ሕመም

በክርና በጨርቅ ማቅለሚያ ክፍሎች የሚሠሩ ሰዎችን በኬሚካል ንክኪ ምክንያት የሚይዝ የቆዳ ብግነት ነው። በአብዛኛው እጅን፣ የእጅ አንጓንና ክንድን ያጠቃል።

ዓይነቶች፦ አንደኛው ኮስቲክ ሶዳ፣ ሶዳ አሽ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የመሳሰሉት ቆዳን በቀጥታ ሲጎዱ ይከሰታል፤ እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል። እጅ ላይ የቀረን ቀለም በበረኪና ማስለቀቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ሁለተኛው አለርጂ ነው። ለፖሊስተር የሚውሉት ዲስፐርስ ሰማያዊ 106 እና 124፣ ለጥጥ የሚውሉ ሪአክቲቭ ቀለሞችና በሱፍ ማቅለም የሚያገለግሉ የክሮሚየም ጨዎች ይጠቀሳሉ። አለርጂው አንዴ ከተፈጠረ ጥቂት ንክኪ እንኳ ሽፍታና ማሳከክ ይቀሰቅሳል።

ምርመራ፦ የተጠረጠረው ንጥረ ነገር ጀርባ ላይ ተለጥፎ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ውጤቱ ልጣፉ ሲነሣና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይታያል። በእረፍት ቀናት እየተሻለ ሥራ ሲጀመር የሚያገረሽ ሕመም መንስኤው ሥራው መሆኑን ይጠቁማል።

መከላከያ፦ የዱቄት ቀለምን በተዘጋ መሣሪያ መመዘን፣ ኬሚካል የማያሳልፍ ረጅም ጓንት ማድረግ፣ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ቅባት መቀባት። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያስገድዳል።