ከግንቡ ውጭ ያለችው ጎንደር

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ጎንደር የገባው በ1699 እ.ኤ.አ. ክረምት ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን የቆዳ ሕመም ይዟቸው ነበርና ሊያክማቸው ተጠርቶ መጣ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩ ገና ስድሳ ዓመት ቢያልፍ ነው። ፖንሴ በቤተ መንግሥቱ ተደነቀ፤ ከተማዋን ግን በአገሩ ሚዛን ለካት። ስፋቷ ሰፊ ነው፤ ቤቶቿ ደርብ የላቸውም፤ ሱቅም የለም። ነጋዴው ሁሉ ወደ ሰፊ አደባባይ ወጥቶ ዕቃውን ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል። መገበያያው ወርቅና አሞሌ ጨው ነው።

አሞሌው ከአፋር በረሃ ተጠርቦ፣ ደጋውን በበቅሎና በአህያ ጀርባ የወጣ ነው። ሱቅ የላትም የተባለችው ጎንደር በአንድ ወገን ከስናር፣ በሌላው ከምጽዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት ነበረች። ንግዱን በብዛት የያዙት ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ታዝዘው፣ ሰፈራቸው በቀሃ ወንዝ በኩል ነበር፤ ዛሬ አዲስ ዓለም ይባላል። ቤተ እስራኤል ደግሞ በግንበኝነትና በቀጥቃጭነት የታወቁ ነበሩ። የነገሥታቱ ግንብ ያለ እነዚህ ሰዎች እጅና ገንዘብ አይቆምም ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ሲደርስ በሰላሙ ጊዜ ወደ 10,000 አባወራ የሚኖርባት፣ ቤቶቿ ጭቃና ሳር ክዳን የሆኑ ከተማ ብሎ ጽፏል። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ፈንጣጣ ገብቶባቸው ነበር። ብሩስ የታመሙትን ሲያክም በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። የዕጣኑ ጢስ ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነው በሽተኛ ተኝቶ ሳለ ነፋስ ማስገባቱ ነው።

ያ ሁሉ ሳር ክዳን አልቆየም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አቃጠሉ፤ ድርቡሾች በ1888 ደገሙት። ከዚያ ጣልያን መጥቶ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን በራሱ ዘመን ስልት ሠራ። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ፋሲል ግቢ ከዚህ ፒያሳ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው።

ጎንደር የሚሄድ ሰው ግንቡን አይቶ ብቻ አይመለስ። ቁስቋም ይውጣ፤ አዲስ ዓለምንም ይይ፤ ቅዳሜ ከሆነም ገበያ ይውረድ።