ዉ ዌይ፦ ሳይጋፉ መሥራት

ቻይና ለአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሩቅ አገር አይደለችም። በለቡ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰውን፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የባቡር ሐዲድ የዘረጉት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በክፍለ ከተማው የሚያልፈው የቀለበት መንገድም የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ብረቱና አስፋልቱ ሲመጣ የቻይና የቆየ ጥበብ አብሮ አለመምጣቱ ያስቆጨኛል። ስለዚህ ከዚያ ጥበብ አንዲት ቃል መርጬ ከነአማርኛ አቻዋ ላስተዋውቅ። ቃሏ ዉ ዌይ ናት።

ዉ ዌይ የታኦ ትምህርት እምብርት ናት። ታኦ «መንገድ» ማለት ነው፤ ነገር ሁሉ በየተፈጥሮው የሚሄድበት መንገድ። ትምህርቱ የሚነሣው ታኦ ቴ ቺንግ ከተባለው፣ 81 አጫጭር ምዕራፎችና 5,000 ገደማ የቻይና ፊደላት ካሉት መጽሐፍ ነው። ትውፊቱ ደራሲውን ላኦ ዙ ይለዋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት እንደኖረም ይነገራል። «ዉ» አለመኖርን ያመለክታል፣ «ዌይ» ደግሞ ማድረግን። ሁለቱ ሲገጥሙ በቀጥታ «አለማድረግ» ይሆናሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ቃል ሲያይ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ይታየዋል፤ ላኦ ዙ ያን ሰው አላመሰገነም።

የቃሏን ምስጢር በተሻለ የሚያሳየን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሌላው የታኦ ሊቅ፣ ዡዋንግ ዙ ነው። በስሙ በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ ዲንግ የሚባል ወጥ ቤት በአንድ መስፍን ፊት የበሬ ብልት ያወጣል። እጁ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ በዜማ ላይ ያለ ይመስላል። መስፍኑ ተደንቆ ሲጠይቀው ዲንግ ስለ ጉልበቱ አንዳች አያነሣም። ሥራውን ሲጀምር የሚታየው ሙሉ በሬ ነበር፤ ከ3 ዓመት በኋላ ግን ሙሉ በሬ ማየት ተወ። ልቡ መገጣጠሚያው ላይ፣ በአጥንትና በአጥንት መካከል ባለው ክፍተት ላይ ዐረፈ። ተራው ወጥ ቤት እየመታ ስለሚሰብር በየወሩ ቢላዋ ይለውጣል፣ ጎበዙም በየዓመቱ። የዲንግ ቢላዋ ግን 19 ዓመት አገልግሎ፣ በሺህ የሚቆጠር በሬ አልፎበት፣ ዛሬ የተሞረደ ይመስላል።

አማርኛ ለዲንግ የተዘጋጀ ስም አለው፤ ብልት አዋቂ። በቄራና በጎፋ ሥጋ ቤቶች የሚከበር ሙያ ነው። በዓል ሲደርስ ደግሞ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ቅርጫ ይገባሉ። በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ ብልት ማውጣቱ ሲጀመር በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ጉልበተኛው ወጣት ወርቹን ከጎድኑ ለመነጠል ይገዘግዛል፤ ካራው አጥንት ይነካል፣ ስለቱ ይዶለዱማል፣ ሥጋው ይቦጫጨቃል። በዕድሜ የገፉት ጋሼ ይደርሱና ካራውን ይቀበሉታል። «ቆይ ልጄ፣ አትታገለው፤ እግሩን ወደ ውጭ ሳብልኝ» ይላሉ። እግሩ ሲሳብ ብብቱ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ይገለጣል። የካራው ጫፍ ያንን መስመር ሲከተል ወርቹ በገዛ ክብደቱ እየተላቀቀ ይመጣል። የበሬን ወርች ከጎድኑ ጋር የሚያገናኝ አጥንት የለም፣ የያዘው ሥጋና ስስ ጅማት ብቻ ነው። ጋሼ ይህን በእጃቸው ያውቁታል።

እንግዲህ ለዉ ዌይ የማቀርበው አማርኛ «ሳይጋፉ መሥራት» ነው፤ በአንድ ስም ሲጠራ «አለመጋፋት»። «አለማድረግ» ሥራውን ራሱን ይሰርዘዋል። «ምናኔ» የከበረ ቃል ነው፣ ነገር ግን ዓለምን ትቶ መሄድን ይናገራል፤ ዲንግ ግን ሥራው መሀል ቆሟል። «እንደፈቀደ ይሁን» ብንልም ነገሩን ለዕጣ መተው ይሆናል፣ ብልት አዋቂ ደግሞ ከማንም አጥብቆ ያያል። «መጋፋት» የሚለው ቃል መቀነስ ያለበትን ነገር በስሙ ይጠራዋል። ጠዋት መካኒሳ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሰልፉ ሲፈርስ የሚሆነውን አይቷል። ሁሉም ጉልበቱን ያፈሳል፣ ቁልፍ ይበጠሳል፣ ታክሲው የሚጭነው ሰው ብዛት ግን ያው ነው።

ስለ ቀላል ኑሮ ዘንድሮ የምንሰማው ምክር አብዛኛው ዕቃ ቀንሱ የሚል ነው። አንድ መኝታ ቤት ተከራይቶ አራት ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ምክር ምን ይረባዋል? ላኦ ዙም ጌጥና ዝና ማሳደድን ይነቅፋል፤ የቀላልነትን ሥር የሚፈልገው ግን ከዕቃው ጠለቅ ብሎ ነው። ትምህርት በላይ በላዩ እየደራረበ እንደሚሄድ፣ የታኦ መንገድ ግን እያራገፈ እንደሚሄድ፣ የማራገፉም መድረሻ ዉ ዌይ እንደሆነ ያስተምራል። ቅድሚያ የሚራገፈው፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ግፊያው ነው። ልጅን ማታ ማታ እየጮኹ በግድ ማስጠናት ግፊያ ነው፤ አእምሮው በየትኛው ሰዓት እንደሚነቃ፣ የትኛው ጨዋታ ወደ ሒሳቡ እንደሚያስገባው ማየት ግን ብልት ማወቅ ነው። ለጎረቤት ዓይን ተብሎ በብድር የሚደገስ ሠርግም ከግፊያው ወገን ነው፤ ባልና ሚስቱ ዕዳውን እየገፉ ዓመታት ይቆያሉ። ዲንግም ቢሆን ሁሉ ቀሎለት አይደለም። ጅማትና አጥንት የተቋጠረበት ቦታ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ዓይኑን ይተክላል፣ ቢላዋውን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል።

በመካኒሳና በላፍቶ በኩል፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ አትክልተኞችም ይህን ያለመጋፋት ሙያ ያውቁታል። ውሃው ከወንዙ አንዴ ከወጣ በኋላ የመሬቱን ዝንባሌ ተከትሎ ቦይ መቅደድ፣ አንዱ መደብ ሲጠግብ በዶማ አፈር ደፍኖ ወደ ቀጣዩ ማዞር ነው ሥራቸው። በቻይና ሲቹዋን ክፍለ አገር ሊ ቢንግ የተባለ ገዥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ዓመት ገደማ በዚሁ መንገድ ትልቅ ሥራ ጀምሯል። ሚን የተባለውን ወንዝ አልገደበውም፤ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክንድ ወደ እርሻ መራው። ዱጂያንግየን የሚባለው ይህ መስኖ ከ2,200 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ያጠጣል። ከታኦ ሃይማኖት መነሻ ቦታዎች አንዱ ከሆነው ከጎረቤቱ የቺንግቼንግ ተራራ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ትንሹ አቃቂ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ክፉኛ ተበክሏል፤ በእሱ የሚለማው ጎመንም ለከተማው ገበያ ይቀርባል። «አለመጋፋት» የሚለውን ቃል በዚህ ብክለት ላይ ዝም ለማለት መሸፈኛ የሚያደርገው ሰው ዲንግን አልተረዳውም፤ ዲንግ ቢላዋውን አላስቀመጠምና። አትክልተኛውን ከመሬቱ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ያ ግፊያ ነው፣ ወንዙም እንደቆሸሸ ይቀራል። መገጣጠሚያው ያለው የፍሳሽ ቱቦው ወንዙን በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ መዘጋትና መጣራት ያለበትም እዚያ ነው።