የጠላ ቅምሻና ፍርድ በላስታ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲኖር የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል። የላስታ ጠማቂ ሴቶች ዕውቀት ግን በይበልጥ የሚገኘው በቅምሻ ቃላት ነው።

በማኅበርና በሰንበቴ ጠላ የሚቀዳ ሰው እንደ ልማዱ አስቀድሞ በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ ይህም ለእንግዳው መተማመኛ፣ ለጠማቂዋ ፈተና ነው። «ጉሽ» ቢባል ከአተላው ሳይጠልል ተቀድቷል፤ «ቅራሪ» ቢባል አተላው ላይ ውሃ ተደግሞበታል፤ «ኮምጥጧል» ቢባል ሰንብቷል። ጌሾው ከበዛ ይመራል፤ ጋኑ በወይራ አለቅጥ ከታጠነ ጢስ ጢስ ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነቀፌታ ስሕተቱ ከየትኛው የሥራ ደረጃ እንደ መጣ ለይቶ ያመለክታል።

እነዚህን ቃላት ከባለሙያዎቹ አፍ ብንሰበስብ፣ ድንጋይ ያልመሰከረለትን የእጅ ሙያ ታሪክ ለመጻፍ እንችላለን ብለን እናምናለን።