ኑዛዜ ተቀባዩ

በአማርኛ ካሉት ቃላት መካከል እንደ «ኑዛዜ» የሚያስገርመኝ ጥቂት ነው። ሰው ኃጢአቱን ለካህን ሲናገር ተናዘዘ ይባላል፤ ቤቱንና ከብቱን ለልጆቹ ሲያከፋፍልም ያው ተናዘዘ ይባላል። እኔ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባንክ ቤት በመስኮት በኩል ሕዝብ የማስተናግድ ሰው በመሆኔ፣ የሁለተኛው ዓይነት ኑዛዜ ውጤት ዘወትር እጄ ይገባል። የሟች የቁጠባ ደብተር፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ጥቁር የለበሱና እርስ በርስ የማይተያዩ ወንድማማቾች። የመጀመሪያው ዓይነት ኑዛዜ ግን በወረቀት አይመጣም፤ ማኅተምም የለውም። ታዲያ ሁለቱ እንዴት በአንድ ስም ተጠሩ? እኔ እንደሚመስለኝ ያገናኛቸው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የነፍስ አባት ነው።

በቀደመው ዘመን ሰው ሞት ሲቃረብበት ወደ አልጋው የሚጠራው የነፍስ አባቱ ነበር። በሽተኛው አስቀድሞ ነፍሱን ያራግፋል፤ ቀጥሎ ያለበትን ዕዳ፣ ያበደረውን ገንዘብ፣ መሬቱና ከብቱ ለማን እንደሚገባ ይናገራል። ካህኑ ሁለቱንም በአንድ ጆሮ ይሰማል። ፊተኛውን ይዞት መቃብር ይወርዳል፤ ኋለኛውን ግን በሽማግሎች ፊት ቆሞ ይመሰክራል። አንዱን እንዲደብቅ፣ ሌላውን እንዲገልጥ የታመነው አንድ አንደበት ነው። እንዲህ ያለ አደራ ለዛሬ ሠራተኛ ቢሰጥ ስንቱ ይችለው ይሆን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አሮጌ ትዳር አፋታው ማለት ይቻላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ዳኛ ወይም አዋዋይ ካለበት ደግሞ ሁለት ምስክር እንዲበቃ ደነገገ። የቃል ኑዛዜን ጨርሶ ባይሽረውም ክንፉን ቆረጠው፤ ሁለት ምስክር ፈለገበት፣ የስጦታውንም መጠን በአምስት መቶ ብር ወሰነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። (አምስት መቶ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል።) ሕጉ መልካም አደረገ እላለሁ፤ የወራሾችን ጠብ በየቀኑ የሚያይ ሰው ወረቀትን አይንቅም። ይሁን እንጂ ካህኑ ከአልጋው አጠገብ ሲነሣ አብሮት የተነሣ ነገር አለ። ወረቀት ወንድምን ከወንድም አያስታርቅም።

የነፍስ አባትነት ለሞት ቀን ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። ክርስትና ሲነሣ፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ፍትሐት ሲደርስ፣ አርባው ሲወጣ ሁሉ ይጠራል። መስቀሉን ይዞ በየቤቱ ይዞራል፤ ጠበል ይረጫል፤ የተናገሩትን ሰምቶ እንደ በደሉ መጠን ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ቀኖና ይሰጣል። ለዚህ የተቆረጠ ደመወዝ የለውም። አያቴ በሕይወት ሳሉ የነፍስ አባታቸው ሲመጡ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፤ እኛ ልጆቹ ወደ ጓሮ እንባረራለን። አያቴ የዕድራቸውን ሹም እንኳ የማይፈሩ ደፋር ነበሩ፤ ካህኑ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ቀልቶ እናገኛቸው ነበር። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቅበትም መንገድ የለም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዲያቆን ቅስናን ለመቀበል አስቀድሞ በቁርባን ማግባት ወይም መመንኮስ አለበት። ያገባው ቄስ ሚስቱ ሞታ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። እንግዲህ የሰውን ትዳር እንዲያስታርቅ የተሾመው ሰው ራሱ አንድ ዕድል ብቻ ያለው ነው። ምክሩ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አለመሆኑን ከዚህ እረዳለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የነፍስ አባትና ልጅ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲበተን፣ ከዚያ የተነሡ አንዲት እናት አድራሻቸውን ሊያስቀይሩ ወደ እኔ መስኮት መጥተው ነበር። ቅጹን ስሞላላቸው «አባቴ አሁን በየት በኩል ይመጡልኛል?» አሉኝ። ወላጅ አባታቸውን መስሎኝ ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የነገሥታቱ ቤት ለዚህ ሥራ የራሱ ማዕረግ ነበረው። ቄስ ሐፄ የሚባለው የንጉሡ ካህን ሲሆን፣ ዓቃቤ ሰዓት የሚለው ሹመት ደግሞ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጋር የተያያዘ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ዓቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ጥቂቶች ብቻ ወደሚገቡበት የንጉሡ ማደሪያ ይገቡ እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ወደ ንጉሥ መቅረብ ክብር ነው፤ የክብሩን ዋጋ ግን ከእርሳቸው መቶ ዓመት ቀድመው የነበሩት መነኮሳት በጀርባቸው ከፍለዋል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344) የአባታቸውን ሚስት አገቡ ተብሎ በተወቀሱ ጊዜ በጸሎተ ሚካኤል፣ አኖሬዎስና የደብረ አስቦው ፊልጶስ ፊት ለፊት ገሠጿቸው። አኖሬዎስ ተገረፉ፤ ደማቸው እሳት ሆኖ የንጉሡን ከተማ አቃጠለ ይላል ገድላቸው። በልጃቸው በሰይፈ አርዕድ ዘመን ያው የሚስት ብዛት ጠብ ተደገመ፤ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ወደ ግብጽ ተመለሱ፣ ፊልጶስም በስደት ላይ አረፉ። በሰፈር የሚሠራው ሥራና በቤተ መንግሥት የተደረገው ይህ ተግሣጽ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሰውየውን ብቻውን አግኝቶ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት። ልዩነቱ የሚመለሰው ምላሽ ላይ ነው።

ለዘመናችን ቅርብ የሆነውን ልጥቀስ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ የነፍስ አባት የነበሩት አባ ሐና ጅማም አብረው ወደቁ። ራሶቹ ጦር መርተዋል፤ ሚኒስትሮቹ መሥሪያ ቤት አስተዳድረዋል። መነኩሴው ግን ያስገደላቸው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሰሙት ነገር ብዛት ነው። ግቢው በዓመቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በዚያ የተማርን ሁሉ በዚያ ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፈናል!

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ምክር መስጠት ብቻውን የሚያስከስስ ሆነ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1929 በወለጋ ቦጂ የተወለዱ፣ በነቀምቴ ሆስፒታል ቁስል ሲያጥቡ ያደጉ፣ በኋላ ቅስናን ተቀብለው ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ፣ ለልማት እየረዱ ለስብከት መንፈግ ሰውን ለሁለት መክፈል ነው የሚለው ሐሳብ ጎልቶ ይታያል። የአስታማሚ ሐሳብ ነው፤ ቁስልን ያጠበ ሰው ሥጋና ነፍስን ለያይቶ ማየት ይከብደዋል። ታስረው ከተፈቱ በኋላ በታንዛንያ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። እረኛ መንጋውን ጥሎ አይሄድም ብለው ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ ከካዛንቺስ ብዙ በማይርቀው ኡራኤል፣ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ። በዚያው ወር፣ ከመንበራቸው በ1968 ዓ.ም. የወረዱት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ያላገለገሉት ሁለቱ አባቶች በአንድ ግቢ፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ፣ ተቀበሩ።

ወይዘሮ ፀሐይ በወህኒ ቤት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አሳለፉ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ቀብሩ እንደ ወጉ ተፈጸመ፤ ወይዘሮ ፀሐይም በስተመጨረሻ የሚያለቅሱበት መቃብር አገኙ።